ድስቱን አይታችሁ ተቀመጡ

ሃኖይ ለሚሄድ ወዳጅ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፤ ባኝ ኩዎን ለመብላት ስትወጡ ከምግብ ቤቱ ስም በፊት ድስቱን ፈልጉ። ድስቱ በር ላይ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት እንፋሎቱ ሲወጣ ካልታያችሁ ሌላ ቤት ሞክሩ። ባኝ ኩዎን ከሩዝ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ስስ ቂጣ ነው፤ የተፈጨ ሥጋና እንጉዳይ ተደርጎበት ይጠቀለላል። ከድስቱ ከተነሣ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ለጥቂት ደቂቃ ይለሰልሳል፣ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ «የት ልብላ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ «ፊትህ የሚሠራልህ ጋ» ነው።

ይህን የምለው በእንጀራ ጋጋሪነቴ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች እንጀራ እጋግራለሁ፤ ሰው ሊጥ ሲያፈስ ካየሁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እጁ ላይ ነው። ሃኖይም ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የምገኘው ከእነዚህ ድስቶች አጠገብ፣ ዝቅ ባለች የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ነበር። ቋንቋውን አልችልም። እጅ ለማየት ግን ቋንቋ አያስፈልግም።

ሥራው የሚጀምረው ከሩዙ ነው። አዲስ የታጨደ ሩዝ አይሆንም፤ ሊጡ ስለሚያጣብቅ ቂጣው ከጨርቁ አልለቅ ይላል። የሚመረጠው የከረመ፣ ደህና የደረቀ፣ ሲቀቀል ፍሬው ከፍሬው የሚለያይ ተራ ሩዝ ነው። ለሰዓታት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ከነውሃው ይፈጫል። ድሮ በድንጋይ ወፍጮ በእጅ ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው በሞተር ነው። የተፈጨው ሲረጋ ከላይ የሚጠልለው ውሃ ይደፋና በንጹሕ ውሃ ይተካል። እኛም የጤፍ ሊጥ ላይ የሚጠልለውን ውሃ እንዲሁ እንቀዳለን። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። እኛ በእርሾ አብኩተን፣ አብሲት ጥለን፣ እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ እንደክማለን፤ እነሱ የሚደክሙት አንድም ዓይን እንዳይወጣ ነው። በሩዙ ቂጣ ላይ አረፋ የነበረበት ቦታ ሲነሣ ይቀደዳል።

ሰፊ ድስት ውስጥ ውሃ ይንተከተካል። በድስቱ አፍ ላይ ስስ ጨርቅ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ከጨርቁ ጠርዝ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ትርፉ እንፋሎት የሚወጣውም፣ የጎደለው ውሃ የሚሞላውም በዚያ ነው። ሠሪዋ አንድ ጭልፋ ሊጥ ከመሃል ታፈስና በጭልፋው ጀርባ ወደ ዳር እያዞረች ታሳሳዋለች፤ ወዲያው ትከድናለች። ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ቂጣው ከታች በሚገፋው እንፋሎት ብድግ ብሎ ያብጣል። የመብሰሉ ምልክት ይህ ነው። ከዚያ ረጅምና ስስ የቀርከሃ እንጨት ከሥሩ ታሾልካለች፣ ቂጣውን አንጠልጥላ ታነሣዋለች፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ትዘረጋዋለች። ቀጣዩን ሊጥ አፍስሳ ክዳኑን ከገጠመች በኋላ ወደ ትሪው ትመለሳለች፤ የተከተፈ የአሳማ ሥጋ፣ ጥቁር የእንጨት እንጉዳይና ሽንኩርት አብሮ የተቁላላውን ትበትንበታለች፣ ጠርዙን ታጥፋለች፣ ትጠቀልላለች። ስትጨርስ ሁለተኛው በስሏል። ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጥዳ አንዱ ሲበስል ከሌላው የምታነሣ ሴት አይቼ ከመቀመጫዬ መነሣት አቅቶኝ ያውቃል። ያ እጅ ሰዓት አያይም፤ ክዳኑን የምታነሣበትን ቅጽበት የሚነግራት ከዳር የሚወጣው የእንፋሎት አኳኋን ነው።

እንግዲህ ስትመርጡ የምታዩት ይህንን ነው። መጀመሪያ ጨርቁ። ከላላ ሊጡ ወደ መሃል ይጠራቀማል፤ ቂጣው መሃሉ ወፍራም፣ ዳሩ ስስ ይሆናል። ስታርች የጋገረበት ጨርቅ ደግሞ ቂጣ ይይዛል፤ ጥንቁቅ ሠሪ ጨርቋን ታጥባለች፣ ሲያረጅም ትቀይረዋለች። ቀጥሎ ውሃው። መፍላቱ ከተቋረጠ ቂጣው ረጥቦ ይቀራል፤ ስለዚህ ጎበዟ ውሃ የምትጨምረው ጥቂት በጥቂት ነው። ከዚያ የቂጣው ባሕርይ። በእንጨቱ ላይ ሲንጠለጠል ከኋላው ያለው እጅ ደብዘዝ ብሎ መታየት አለበት፤ ግን መቀደድ የለበትም። ብዙ ቤቶች እንዳይቀደድ የካሳቫ ስታርች ይጨምራሉ። ጥቂት ቢሆን አልጠላውም። ሲበዛ ግን እንደ ጎማ ይሳባል፣ ጥርስ ላይ ይነጥራል፣ የሩዙም ጣዕም ይጠፋል። ሩዝ ሩዝ የማይል ባኝ ኩዎን ምን ቢያብለጨልጭ አይበላም ባይ ነኝ።

ሰዓቱም ከቦታው እኩል ነው። ባኝ ኩዎን በባህሉ የቁርስ ምግብ ነው፤ ማታ የሚሠሩም አሉ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ከሄዳችሁ የሚደርሳችሁ ከድስቱ የተነሣው ነው፤ ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ከሄዳችሁ ቀድሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ሊመጣ ይችላል። ሰልፍ ያለበት ቤት ልጠብቅ ወይ ለሚለኝ፣ ጠብቅ እላለሁ። በምናሌው ብዙ ዓይነት ምግብ ከሚደረድር ቤትም ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ አንዱን ብቻ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ለምን ቢባል፣ ይህ እጅን የሚያሰለጥን ድግግሞሽ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስም ከተጠራ በአሮጌው ከተማ ሃንግ ጋ ጎዳና ላይ ያለው ታኝ ቫን ሥጋ የገባበትን ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው። ጥቅልሉ ላይ የሚነሰነሰውን ጥብስ ሽንኩርት ልብ በሉት፤ ትንንሹ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ፣ ቡናማ እስኪሆንና እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ለስላሳው ቂጣ የሚጎድለውን ሁሉ እሱ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሚሽለን ለሃኖይና ለሆ ቺ ሚን ከተማ መምሪያ ያወጣል፤ ብዙ ጎብኚም መምሪያውን ይዞ ይዞራል። ክፋት የለውም። ግን መምሪያ ያልደረሰበት ማዕዘን ላይ አንዲት እናት በአንድ ድስት የምትሠራው የሚበልጥበት ጠዋት ብዙ ነው።

አሁን ከላይ ያልኩትን የሚፈትን ነገር ልናገር። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ በቀይ ወንዝ አቅራቢያ ታኝ ቺ የሚባል መንደር አለ፤ ዛሬ ሃኖይ ውጦታል። የታኝ ቺ ባኝ ኩዎን ውስጡ ምንም የለውም፤ በላዩ ዘይትና የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት ብቻ ይቀባል፣ ታጥፎ ይደረደራል፣ ሳይሞቅም ይበላል። የመንደሩ ሴቶች ሌሊት ሠርተው፣ ቅርጫት ተሸክመው ጠዋት በከተማው ጎዳናዎች ይሸጡ ነበር። ስለ ሃኖይ ሠላሳ ስድስት ጎዳናዎች የጻፈው ደራሲ ታክ ላም ይህን ምግብ በመጽሐፉ አንሥቶታል፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ታዲያ ቂጣው ቀዝቅዞ እንዴት ይጣፍጣል? ቢሉ፣ ሚስጥሩ ስስነቱ ነው። የታኝ ቺ ቂጣ ከሌላው ሁሉ ስለሚሳሳ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ውፍረት የለውም፤ ዘይቱ ደግሞ ቂጣ ከቂጣ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። አንድ በአንድ ሲላጥ ሳይቀደድ መላቀቅ አለበት። እንዲህ ቅዝቃዜን የሚችል ቂጣ የሚሠራ እጅ ከሁሉ በላይ የማከብረው እጅ ነው፤ ትኩስነት ብዙ ጉድለት ይሸፍናል፣ ቀዝቃዛው ግን ምንም አይሸፍንም። ይህን ዓይነቱን መሃል ከተማ ተቀምጦ ለመብላት ቶ ሂየን ታኝ ጎዳና ላይ ባ ሆዋኝ የሚባለው ቤት አለ።

ጥቅልሉ የሚነከርበት ማጥቀሻ የቤቱ ፊርማ ነው ብል አልሳሳትም። መሠረቱ ኑክ ማም ነው፤ ዓሣ በጨው ለወራት ታምቆ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ። በሞቀ ውሃ ይቀጥናል፣ ስኳርና ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይገባዋል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያው እንደ ተመጋቢው ነው። የሃኖይ ማጥቀሻ ለስለስ ያለና ለብ ያለ መሆን አለበት፤ ጨው ከቀደመ ቂጣው ይጠፋል። ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ንከሩት እንጂ ጫፉን አስነክታችሁ አትተዉት። ድሮ በማጥቀሻው ላይ ከካ ኩዎንግ የሚገኝ አንድ ጠብታ ይጨመር ነበር። ካ ኩዎንግ በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የሚኖር ትልቅ ነፍሳት ነው፤ ወንዱ ቀረፋ ቀረፋ የሚል ኃይለኛ ሽታ ያለው ፈሳሽ አለው። የማሳ ፀረ ተባይ ነፍሳቱን ስላመነመነው እውነተኛው ዛሬ ውድና ብርቅ ነው፤ በየጠረጴዛው የሚቀርበው በአብዛኛው በፋብሪካ የተቀመመ ነው። አጠገቡ የሚቀርበው ቻ ኩዌ ደግሞ ከደቀቀ የአሳማ ሥጋና ከቀረፋ የሚሠራ ጥብስ ሲሆን ኡክ ሌ የተባለው መንደር በዚህና በመሰሉ ሥራዎች የታወቀ ነው። ቻው ሲታኘክ ከመጠን በላይ የሚነጥር ከሆነ አልወደውም፤ እንዲነጥር ብለው ቦራክስ የሚጨምሩ አሉ፣ ቦራክስ ደግሞ በቬትናም ምግብ ውስጥ የተከለከለ ነው።

አሳማው ለእኛ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አይበላውምና። ይህን ስላወቅሁ ለሚጠይቀኝ ሰው ግማሽ መልስ ሰጥቼ አልተወውም። ውስጡ ባዶ የሆነው የታኝ ቺ ዓይነት ለእኛ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ባሮ ሽንኩርቱ በአሳማ ስብ ተቁላልቶ ሊሆን ይችላል፣ መጠየቅ ግድ ነው፤ ቻውንም አታምጡ ማለት ያስፈልጋል። ለጿሚ ደግሞ ማጥቀሻው ራሱ ከዓሣ ነው። መፍትሔው ከአገሩ ልማድ ውስጥ አለ። የቡድሃ አማኞች በጨረቃ ወር መጀመሪያና በ15ኛው ቀን ከሥጋና ከዓሣ ይጾማሉ፤ ምግቡ ቻይ ይባላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቻይ ብቻ የሚሠሩ ቤቶችም አሉ። እዚያ ባኝ ኩዎን በእንጉዳይና በአትክልት ይሞላል፣ ማጥቀሻውም ከአኩሪ አተር ይሠራል። በሁዳዴ ወይም በረቡዕና ዓርብ ከተገኛችሁ «ቻይ» የምትለዋን አንዲት ቃል ያዙ።

ከሃኖይ ከወጡ ምግቡ ይለወጣል። በሰሜን ተራሮች ካኦ ባንግ ላይ በማጥቀሻ ፋንታ ትኩስ የአጥንት መረቅ ይቀርባል፤ ላንግ ሶን ላይ እንቁላል በቂጣው ውስጥ ይሰበራል። ፉ ሊ ላይ ደግሞ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ አጠገቡ ያደርጋሉ። ምግቡ ወደ ደቡብ የሄደበት ታሪክ ግን ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቬትናምን ለሁለት ከከፈለው የጄኔቫ ስምምነት በኋላ ከ800 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ የሚገመት ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ የባኝ ኩዎን ሠሪዎቹም ጨርቃቸውን ሳይጎን፣ በዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ ላይ ወጠሩት። እዚያ የባቄላ ቡቃያ ተጨመረበት፣ ማጥቀሻውም ጣፈጠ። እዚያው ዲን ቲየን ሆዋንግ ጎዳና ላይ ያለው ታይ ሆ የሚባለው ቤት ስሙን የወሰደው ከሃኖይ ምዕራባዊ ሐይቅ ነው፤ ጦርነቱ ካበቃበት ከ1975 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ሌላ ስደት መጣና ዛሬ በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ በዚሁ ስም የሚጠሩ ባኝ ኩዎን ቤቶች አሉ። ስደተኛ ምጣዱን ተሸክሞ እንደሚሄድ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለው ወገኔ ቅርቡ ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ኤደን ሴንተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የቬትናሞች ገበያ ሆኗል። የአሌክሳንድሪያና የኮሎምቢያ ፓይክ ሐበሻ ሱቆች በመኪና ብዙም አይርቁም። በግቢው ውስጥ ባኝ ኩዎን ታንግ ሎንግ የሚባል ቤት አለ፤ ታንግ ሎንግ የሃኖይ የጥንት ስም ነው። በአሜሪካ ድስቱ በአብዛኛው ጓዳ ስለሚሆን ዓይናችሁን ሰሃኑ ላይ አድርጉ። ጥቅልሉ እንፋሎት ያወጣል? በቾፕስቲክ ሲነሣ ከጎረቤቱ ይላቀቃል? ጥብስ ሽንኩርቱ ይንኮሻኮሻል? ቅዳሜና እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲመጣ ሂዱ፤ ያኔ ጓዳው ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ቀድሞ የተቀመጠ አይደርሳችሁም። ሥጋ የማትፈልጉ ከሆነ ባኝ ኡት እዘዙ፤ ያልተሞላው ስስ ቂጣ በደቡቦቹ ዘንድ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ብዙ ጊዜ ከላዩ የአሳማ ቻ ተቆራርጦ ስለሚመጣ ስታዝዙ «ያለ ቻ» በሉ፤ ባሮ ሽንኩርቱ በምን ዘይት እንደተቁላላም ጠይቁ።