ፉከራና ፍርሃት

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጀግንነት ድርሰት እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ አብዛኞቻችን የጀመርነው በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ ይኸውም «ጀግና ማለት ፍርሃት የማያውቅ ሰው ነው» የሚል ነው። በሰርግና በድግስ ላይ ከሰማነው ፉከራ ጋር የሚስማማ መስሎን ስለ ነበረ ስሕተት ይኖርበታል ብለን አልጠረጠርንም። ዛሬ ግን ያንኑ ፉከራ እንደ ሥነ ጽሑፍ ቈጥረን ስንመረምረው ያ ፍች የማያስኬድ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው፣ ፉከራ ፍርሃት የሌለበት ሰው ንግግር ሳይሆን ፍርሃቱን ለመግዛት የሚታገል ሰው ንግግር መሆኑን ነው።

አስቀድመን ቋንቋችንን እንጠይቅ። «ደፋር» የሚለው ቃል በጦር ሜዳ ለዋለ ሰው ሲነገር ምስጋና ነው፤ በታላላቆቹ ፊት እንዳሻው ለሚናገር ልጅ ሲነገር ግን ስድብ ነው። «ፈሪ» መባል ውርደት ነው፤ «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» መባል ግን ትልቅ ክብር ነው። «የማያፍር፣ የማይፈራ» የተባለ ሰው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ይሸሸዋል። እንግዲህ አባቶቻችን ፍርሃትን ጨርሰው የሚንቁ አልነበሩም፤ የሚጠይቁት «ማንን ትፈራለህ? ስለ ምንስ ትፈራለህ?» የሚለውን ነበር ለማለት እንደፍራለን።

ወደ ፉከራው እንመለስ። ቀረርቶ በዜማ ይወርዳል፤ ፉከራ ግን ያለ ዜማ በኃይል ይነገራል። ፎካሪው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን እየነቀነቀ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። የአባቱን ስም ይጠራል፤ የፈረስ ስምም ያለው እንደሆነ በፈረሱ ስም ይጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ፎካሪው የዋለበትንም ቦታ ይቈጥራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዱር ገብቶ ብቻውን አይደለም፤ በጌታው፣ በጓደኞቹና በአገሩ ሰው ፊት ነው።

ፍርሃት የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ምስክር ምን ያደርግለት ነበር? ከዘመቻ በፊት የሚፎክር ሰው በሕዝብ ፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም የአባቱ ስም ነው። ነገ ቢሸሽ የሚዋረደው እሱ ብቻ ሳይሆን የጠራው አባቱ ጭምር ነው። ስለዚህ ፉከራ ፍርሃትን አያጠፋም፤ የሞትን ፍርሃት በኀፍረት ፍርሃት ያስረዋል እንጂ። ከድል በኋላ ግዳዩን ጥሎ የሚፎክረውም ዕዳውን መክፈሉን ለእነዚያው ምስክሮች የሚያስታውቅ ይመስለናል።

ምናልባት አንባቢው «እንግዲያው ፎካሪው ፈራሁ ሲል ለምን አንሰማውም?» ይለን ይሆናል። ሆሜር በ«ኢልያድ» ሔክቶር አኪሌስ በቀረበ ጊዜ ፈርቶ የከተማውን ቅጥር ሦስት ጊዜ እየሮጠ እንደ ዞረ፣ ኋላም ቆሞ እንደ ገጠመ ይተርካል። ይህን ሊነግረን የቻለው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለ ሌላ ሰው ስለሚናገር ነው። ፎካሪ ግን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ «ፈርቻለሁ» ቢል የጠራው ዋስትና ይፈርስበታል። ስለዚህ ፍርሃቱን መፈለግ የሚገባን በቃሉ ውስጥ ሳይሆን በሥርዐቱ ውስጥ ነው።

በጥንት መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚባለው ፕላቶ «ላኬስ» በተባለው ድርሰቱ ሁለት የአቴና ጦር አለቆች፣ ላኬስና ኒቅያስ፣ ከሶቅራጥስ ጋር ስለ ጀግንነት ሲነጋገሩ ያሳየናል። የንግግሩ መነሻ እስጢሴላዎስ የሚባል ሰው የጦር ዕቃ ለብሶ በሕዝብ ፊት ያሳየው የውጊያ ጥበብ ነው። ላኬስ ግን ይህን ሰው በእውነተኛው ውጊያ አይቶት ነበር። ማጭድ የተሰካበት ጦሩ በሌላ መርከብ ገመድ ተይዞበት፣ ላለመልቀቅ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሮጥ፣ የወዳጅም የጠላትም ሰዎች ሳቁበት። ዛሬ በሰርግና በመድረክ ከምንሰማው ፉከራ ብዙው፣ ቃሉ የጥንቱ ሆኖ ሳለ፣ ልባችንን የማይነካው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። ተናጋሪው ነገ የሚዘምትበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የሚያስረው ፍርሃትም የለውም።

በንግግሩ ውስጥ ላኬስ ጀግንነት የነፍስ ጽናት ነው ይላል፤ ሶቅራጥስም ማስተዋል የሌለበት ጽናት እንዴት መልካም ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠይቀዋል። ኒቅያስ ደግሞ ጀግንነት የሚፈራውንና የማይፈራውን ለይቶ ማወቅ ነው ይላል። ስለዚህም ካለማወቅ የተነሣ ምንም የማይፈራውን ሕፃን ጀግና ብሎ ለመጥራት እምቢ ይላል። በልጅነታችን የጻፍነው ፍች ግን ለዚህ ሕፃን አክሊል የሚያቀዳጅ ነበር። ንግግሩ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይገኝ ይፈጸማል።

ሆኖም የኒቅያስ ፍጻሜ ያልተጻፈ መልስ ይሰጠናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት የአቴና ጦር በሲኪልያ ደሴት በሰራኩስ ከተማ አጠገብ ተዳክሞ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ እንደሚነግረን፣ ኒቅያስ ቶሎ እንመለስ ሲሉት እምቢ ያለው በአገሩ ሰዎች ዘንድ በነውር ተከሶ ከመሞት በጠላት እጅ መሞትን መርጦ ነው። በመጨረሻ ሊወጡ ሲሰናዱ ጨረቃ ጠቈረች፤ እሱም ጠንቋዮች እንዳዘዙት ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን ካልቈየን አለ። ጦሩ አለቀ፤ እሱም ተይዞ ተገደለ። የሚፈራውን ማወቅ ጀግንነት ነው ያለው ሰው ሐሜትንና ጨረቃን ፈርቶ ለብዙ ሺህ ሰው ሞት ምክንያት ሆነ።

የፉከራም ጒድለት እዚህ ላይ ይገለጥልናል። ኀፍረት ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ዕውር ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሰውን ያጸና ኀፍረት፣ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን እንዲገድልና ደም እንዲመልስም ሊገፋው ይችላል። የአባት ስም ለሁለቱም እኩል ይጠራል፤ ፉከራው ራሱ ሁለቱን አይለይም። ከዚህም በላይ ፉከራ ፊት ለፊት የሚቆም ባላጋራ ይሻል። በ1928 ዓ.ም. መርዝ ከአውሮፕላን ሲወርድ ግን ስሙን የሚነግሩት ባላጋራ በአጠገብ አልነበረም። በቀጠሉት 5 ዓመታትም አርበኛው ብዙ ጊዜ ማፈግፈግ፣ መደበቅና ዝም ማለት ነበረበት። ጀግና ከተሰለፈበት የማይነቃነቅ ነው ብንል ይህ ሁሉ ፍርሃት ሊባል ነው፤ ሶቅራጥስ ግን እስኩቴሶች እየሸሹ ይዋጉ እንደ ነበር ለላኬስ ያስታውሰዋል።

ይህን ክርክር ያነሣነው የቃል ጨዋታ ለመጫወት አይደለም። ጀግና አይፈራም እየተባለ ያደገ ወጣት፣ ፍርሃት በልቡ በገባ ቀን ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «እኔስ ፈሪ ነኝ» ብሎ ከሚገባው ሥራ ይቀራል፤ ወይም ፍርሃቱን ለመሸፈን ሲል ራሱንም ሌላውንም በከንቱ አደጋ ላይ ይጥላል። ፍርሃት ከጀግናው ጋር አብሮ እንደሚዘምት አስቀድሞ ቢነገረው ግን እንዴት እንደሚይዘው ይማር ነበር።

ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ፉከራ የምንሰበስብ ሁሉ ቃሉን ብቻ ጽፈን እንዳንመለስ አደራ እንላለን። ፉከራው የተባለው ከውጊያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እነማን ይሰሙ ነበር? በማግስቱስ ምን ሆነ? ሽማግሌዎቹን ገድላቸውን ከጠየቅናቸው በኋላ፣ በአክብሮት፣ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበረም እንጠይቃቸው።