ሥራው ወይስ ሴራው? ስለ «ዘ ሮዝ ኮድ» አንዳንድ ነጥቦች

ታሪካዊ ልብ ወለድ ከታሪክ መዝገብ ሰው ሲዋስ ምን ያተርፋል፤ ምንስ ያጎድላል? ይህን ጥያቄ የማነሣው አሜሪካዊቷ ደራሲ ኬት ኩዊን እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችውን «ዘ ሮዝ ኮድ» መነሻ በማድረግ ነው። ዋናው መቼት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጠላትን ምሥጢራዊ መልእክት ይፈቱበት የነበረው ብሌችሊ ፓርክ ነው። በዚያ ከሠሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ።

ከሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ይበልጥ ተዋጥታ የተሳለችው ቤዝ ፊንች ናት። እናቷ እያሸማቀቀች ያሳደገቻት ይህች ዓይነ አፋር በዲሊ ኖክስ ክፍል ገብታ ለማታፓን የባሕር ውጊያ ወሳኝ የሆነውን የጣሊያን መልእክት ትፈታለች። በታሪክ ይህ ሥራ የማቪስ ሌቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1941፣ በ19 ዓመቷ። ጣሊያን በውጊያው 5 የጦር መርከቦች አጥታለች። ማቪስ በሌላ መልእክት ውስጥም «ኤል» የተባለው ፊደል ጨርሶ አለመኖሩን አስተውላ ነበር። ኢኒግማ የተባለው መሣሪያ አንድን ፊደል በራሱ አይተካም፤ ስለዚህ ላኪው ለሙከራ ያንኑ ፊደል ብቻ ደጋግሞ እንደ መታ ገባት። እንዲህ ያለው ድርጊት ውጫዊ እንቅስቃሴ የለውም፤ በአእምሮ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ለደራሲ አስቸጋሪው ይህ ነው። ኩዊን ቤዝን በፊደላት ውስጥ ሰጥማ በምታሳይባቸው ገጾች ችግሩን ተወጥታዋለች፤ እኔም መጽሐፉን የወደድኩት በእነዚህ ገጾች ነው።

ይሁን እንጂ ደራሲዋ በሥራው ብቻ የተማመነች አይመስልም። በ1947 በሚተረከው ክፍል ቤዝ በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ተዘግቶባታል፤ ከሃዲ ይታደናል፤ የልዕልት ኤልሳቤጥ ሠርግም ተቃርቧል። ሴራው ልብ ይሰቅላል፤ ግጭቱን ግን ከውጭ ያስመጣዋል። ግጭት እኮ እዚያው ነበር! ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረሙት ሴቶች፣ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ እስኪገለጥ ድረስ፣ ለወላጅም ሆነ ለባል ሊናገሩ አይችሉም ነበር። «በጦርነቱ ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?» ስትባል ሠላሳ ዓመት ያህል ነገሩን የምትሸፋፍን ሚስት ራሷን የቻለች ልብ ወለድ ናት። የኩዊን ትረካ ግን ከ1947 ተነሥቶ መደምደሚያው ላይ 2014 ይደርሳል፤ የዝምታው ዘመን በመካከል ተዘልሏል።

ማቪስ እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አለቃዋ ስለ ኖክስ መጽሐፍ አሳትማ በ2013 ዐርፋለች። በዚህ ዘርፍ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ያን መጽሐፍ ከልብ ወለዱ ጎን ለጎን ቢያነቡት፣ ከማቪስ ወደ ቤዝ የተሻገረውንና ሳይሻገር የቀረውን በዝርዝር ሊለዩ ይችላሉ።