ገባር አገርና የጌታው ጦርነት

ጨዋታ የልጅ ሥራ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ተሳስቷል። ገበጣም ቢሆን ሰንጠረዥም ቢሆን የሚጫወተውን ሰው ሳያስታውቀው አንድ ነገር ያስተምረዋል። ስለዚህ ጨዋታን መመርመር መጽሐፍን ከመመርመር የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ለገጣፎ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ ልጇ በኮምፒዩተር የሚጫወተውን አሳየኝ። ጨዋታው «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ይባላል፤ ፓራዶክስ የተባለ የስዊድን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ዘመኑ ከ1444 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ ኢትዮጵያንም መርጦ መንገሥ ይቻላል። ተጫዋቹ ጎረቤቱን ያስገብራል። ገባሩም በየጊዜው ግብር ይከፍላል፤ ጌታው ጦርነት ሲገባ ሳይጠየቅ ይከተላል፤ እርቅ ሲሆንም የሚዋዋልለት ጌታው ነው። የነጻነት ምኞቱ በመቶኛ ይቆጠራል፤ ከ50 ሲያልፍ ታማኝነቱ ይጠፋል። ልጁም «አጎቴ፣ ገባር ማለት ጋሻ ነው፤ ጠላት አስቀድሞ እሱን ይመታዋል» አለኝ።

እኔም ነገሩ ደስ ብሎኝ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥሁ። ሦስት ጊዜ ዘመትሁ። በሦስተኛው ስሸነፍ የገባሬን አውራጃ ለጠላት አሳልፌ ሰጥቼ የራሴን አዳንሁ፤ ይህንንም ሳደርግ ቅር እንኳ አላለኝም። በማግሥቱ ግን የጎጃም ታሪክ ትዝ አለኝና አፈርሁ።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በብዙው እውነት አላቸው። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው «ክሩሴደር ኪንግስ 3» የዘውዱ ሥልጣን ሲደክም ገባሮች እርስ በርሳቸው እንደሚዋጉ ያሳያል። በእኛም አገር የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ሁለቱም ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ገባሮች ሳሉ፣ በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋግተዋል። ዐፄ ዮሐንስም ሳያስፈቅዱ ስለ ተዋጉ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወስደው ቀጧቸው። እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ያስተማረን ልክ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አያስተምርም። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተዋዋሉ፤ በሱዳን ድንበር በደርቡሽ ለተከበበው የግብፅ ጦር መውጫ እንዲሰጡም ግድ ሆነባቸው። ጠላትነቱን ያመጣው ውል በዐድዋ ተፈረመ፤ የጠላቱ ጎረቤት ግን ጎጃምና ደምቢያ ነበሩ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማ ላይ ድል ቢያደርጉም፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ጊዜ በሰሜን ምጽዋን ከያዘው ኢጣሊያ ጋር ተፋጠው ነበር። ከዚህ በኋላ ተክለ ሃይማኖትና ምኒልክ ተማከሩ ተብለው ተጠረጠሩ፤ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያም ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ዘምተው ጎጃምን አጠፉ። በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ እርሳቸውም ለአገራቸው ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል። ደርቡሽ የዘረፈውን ገበሬ የገዛ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ደገመው። ጨዋታው የገባርን ልብ ከሁሉ ይልቅ በኃይሉ ብዛት ይመዝነዋል፤ ሲበረታ ይሸፍታል ይለናል። ጎጃም ግን የተጠረጠረችው በርትታ ሳይሆን ተሸንፋ፣ ደሟ ፈስሶ ሳለ ነው። የአገሩም ጥፋት በጨዋታው በመቶኛ ተጽፎ ሰላም ሲሆን እየቀነሰ ይሄዳል። በሬው የታረደበት፣ ዘሩ የተበላበት ገበሬ ግን ሰላም በሆነ ማግሥት የሚያርስበት የለውም።

የጅማው አባ ጅፋር 2ኛስ እንዴት አመለጡ ትል ይሆናል። እርሳቸው ሳይዋጉ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ፤ ይህም እስከ 1924 ዓ.ም. ቆየ። ብልህነታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ፣ በ1889 ዓ.ም. ወደ ከፋ በተዘመተ ጊዜ የጅማ ሰው ከጌታው ጦር ጋር ተሰልፏል። የጅማን ሰላም ዋጋ ጎረቤቶቿም ከፍለውታል ማለት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ከሣሩም ላይ ቆሞ ዝሆኑን የሚያግዝ እንዳለ መዘንጋት አይገባም።

ይህን ጨዋታ አትጫወት አልልህም። እኔም የእኅቴን ልጅ አልከለከልሁትም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ገባር ሆነህ ጀምር ብዬ ለመንሁት። ከሳምንት በኋላ ተቆጥቶ ስልክ ደወለልኝ። ጌታው ከማያውቀው ንጉሥ ጋር ተጣልቶ፣ ጠላት የእሱን ከተማ ይዞ፣ በእርቁ ጊዜም ከተማው ለጠላት ተሰጥቶበት ነበር። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። አንተም፣ ወጣት አንባቢ፣ የነገሥታትን ታሪክ ስታነብ፣ ነገም በሰው ላይ ሥልጣን ስታገኝ፣ አስቀድመህ ይህንኑ ጠይቅ፤ ጦርነቱን ማን አወጀ፣ በማን እርሻ ላይ ተዋጉት፣ በእርቁስ ቀን የእርሻው ባለቤት ተጠርቶ ነበር ወይ?