ሚልተን የጠየቀው «በፍቅር» ነውን?

ጆን ሚልተን በዓይነ ስውርነቱ የጻፈው ባለ 14 ስንኝ ግጥም እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ወጣቶቻችን እንግዳ አይደለም። የመጨረሻው ስንኝ ብቻውን ተቆርጦ በየካርዱ ስለሚጻፍ ግጥሙን ያላነበበ ሰው እንኳ ያውቀዋል። እኔን የሚያስቆመኝ ግን የስምንተኛው ስንኝ መነሻ ነው። ገጣሚው ስለ እግዚአብሔር አንድ ከባድ ጥያቄ ካነሣ በኋላ፣ «ፎንድሊ» እንደ ጠየቀ ይናገራል። የዛሬ አንባቢ «በፍቅር» ብሎ ተረድቶት ያልፋል። አይፈረድበትም፤ በዛሬው እንግሊዝኛ «ፎንድ» ማለት የሚወድ፣ የሚሳሳ ማለት ነው።

ሚልተን ግን የ17ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። ቃሉ የተገኘው «ፎን» ከሚል ጥንታዊ ቃል ሲሆን ፍቺውም ሞኝ፣ ቂል ነበር። ግሱ ጨው ጣዕሙን ሲያጣም ይነገር ነበር። (የሚገርመው፣ በማቴዎስ 5፥13 ስለ ጨው አልጫነት የተጻፈው የግሪክ ግስም ከሞኝነት ጋር አንድ ሥር አለው።) ከሞኝ ተነሥቶ «በፍቅር የሞኘ»፣ ከዚያም እንዲያው «የሚወድ» ወደሚለው ተሻገረ። «ዶት» የሚለውም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ቀድሞ መጃጀት ነበር፣ ዛሬ ከልክ በላይ መውደድ ነው። እኛ ዘንድ «የዋህ» የሚለው ቃል በተቃራኒው ተጉዟል። ወንጌል ለጌታ የሚሰጠው ቃል በሰፈር ወሬ በቀላሉ የሚታለል ሰው መጠሪያ ሆኗል።

እንግዲህ ሚልተን የጠየቀው በሞኝነት ነው። ይህ ግጥሙን ይለውጠዋል። ግጥሙ የቆመው በማቴዎስ 25 የመክሊት ምሳሌ ላይ ነው፤ በ1652 በ43 ዓመቱ ፈጽሞ የታወረው ጸሐፊ መክሊቱ በእጁ ተቀብሮ መቅረቱ ያስጨንቀዋል። ጥያቄውም፣ እግዚአብሔር ብርሃን ነሥቶ የቀን ሥራ ይጠይቃልን? የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ በጌታው ላይ ያቀረበው ክስ ነው፤ ያልዘራኸውን ታጭዳለህ ማለት ነው። «በፍቅር» ብለን ካነበብነው ክሱ ለስላሳ ጸሎት ይመስላል። «በሞኝነት» ካልን ግን ሚልተን የባሪያውን ቃል በአፉ ይዞ ራሱን ሲያገኝ፣ ትዕግሥት መልስ ከመስጠቷ በፊት በራሱ ላይ ሲፈርድ እናያለን። ቀጣዩ ስንኝም ያንኑ ጥያቄ ማጉረምረም ይለዋል። በፍቅር የጠየቀ ሰው ያጉረመርማልን?

ብዙዎች ይህን የሰው ደካማነት ግጥም ይሉታል። በከፊል እውነት ነው። «ፍሬይል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መስበር ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ የሰውዬውም ዓይን በርግጥ ተሰብሯል። ሆኖም ግጥሙ ተሰባሪነትን አይወቅስም፤ ለዓይኑ አንዲት የነቀፋ ቃል የለውም። የሚነቅፈው ጥያቄውን ነው። ደካማነትና ሞኝነት ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ በእኔ ግምት የግጥሙ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻውን ስንኝ ብቻ በካርድ የሚልክ ሰው መልሱን ያለ ጥያቄው ይልካል።

ግጥሙ በ1673 ሲታተም ርእስ አልነበረውም። ትኩረታችንን ወደ ዓይኑ የሚስበውን ርእስ የሰጠው ቶማስ ኒውተን የተባለ አዘጋጅ ነው፤ ይኸውም በ1752፣ ሚልተን ከሞተ ከ78 ዓመት በኋላ።