ጭቃ ያቦካ እጅ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ዓሣ አስጋሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተቀደደ መረቡን ሲጠግን ያየ ሰው፣ ይህን የተካነ እጅ ከኪነ ጥበብ መዝገብ ውጭ ያስቀረው ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሥራም ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ሠዓሊ ከቡሩሽ ይልቅ መርፌና ክር አንሥቶ፣ ሸራ ላይ ቁልፍና ጨርቅ በመስፋት ታወቀ።

በኋላም «ታይትሮፕ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ፣ ከመርካቶ የሚገዛቸውን የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችና ሽቦዎች እየጎነጎነና እየደረደረ፣ ከሰማይ የታየ ከተማ ወይም እርሻ የሚመስሉ ግዙፍ ገበታዎች ፈጠረ። ውበታቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ሽቦውን የለቀመው፣ የፈታው፣ በምናለሽ ተራ ዘርግቶ የሸጠው ሰው ከገበታው ላይ የለም። ድካሙ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ተመልካቹ ሽቦውን አድንቆ ይሄዳል።

ሠዓሊው ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2019 መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነገሩን ይገለብጠዋል። ቦታው ቀድሞ የተበከለ መሬት ነበር። ሁለቱ በየአገሩ ተዘዋውረው ያጠኑት የጥንቱ የግንባታ ስልት በዚያ ከባለእጆች ጋር በሥራ ላይ ዋለ። ጭቃ የድኃ ቤት ምልክት ነው ባይ ዛሬም ብዙ ነው፤ ሲሚንቶን ሥልጣኔ፣ ጭቃን ኋላ ቀርነት ያደረገው አስተሳሰብ ገና አልለቀቀንምና። በዞማ ግድግዳ ላይ ግን ጭቃው ተጠምዝዞ፣ ተቀርጾ፣ እንደ ጥልፍ ተዘርግቷል። ጣት ያለፈበት ይታወቃል። ጭድ ምን ያህል እንደሚገባው፣ ተቦክቶ ስንት ቀን መብላላት እንዳለበት የሚያውቀው መራጊ ከሠዓሊው ንድፍ ጋር እኩል ይናገራል። በዚያው ግቢ ሕፃናት ይማራሉ፤ አትክልት ይበቅላል።

ይህን ደቦ ማለት በእርግጥ ማጋነን ነው። በደቦ ሰው ዛሬ የጎረቤቱን ቤት ቢመርግ ነገ ጎረቤቱ የእርሱን ይመርጋል፤ የሠሪዎቹንም ስም መንደሩ ያውቀዋል። ዞማ ሲነሣ የሚጠራው ግን የሁለቱ መሥራቾች ስም ነው። ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ፣ ዓለም ሠዓሊውን የሸለመውና ያወቀው ይበልጡን በገበታዎቹ ቢሆንም፣ የጋራ ሥራ በዓይን የሚታየው በግድግዳዎቹ ላይ ነው። የሕዝብን ድካም በዕቃነት ከመጠቀም የሕዝብን ዕውቀት በአሠራርነት መቀበል ይበልጣል፤ ከባድም ነው።

ገበታው በውጭ አገር ሙዚየም ደረቅ አየር ውስጥ ሳይነካ ይኖራል። ግድግዳው ክረምት በመጣ ቁጥር ይታጠባል፣ ይሰነጠቃል። መስከረም ሲጠባ ጭቃ የሚያቦካ፣ የሚለስን ሰው መልሶ ይጠራል።