ስምን መልአክ ያወጣዋል ወይስ ሲኒማ?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል በጓደኞቼ ዘንድ ተለውጦ «ስምን ሲኒማ ያወጣዋል» ወደሚል ሐሳብ ደርሷል። በተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ስንከራከር ደጋግሜ የምሰማው ይህንኑ ነው። ይኸውም ወላጆች የልጆቻቸውን ስም ከፊልም፣ ከዘፈንና ከልብ ወለድ መጽሐፍ ስለሚቀዱት፣ ፊልሙ ሲነሣ ስሙ አብሮ ይነሣል፣ ፊልሙ ሲረሳም ስሙ አብሮ ይረሳል የሚል ነው። ሐሳቡ ለመናገር ቀላል፣ ለማመንም የሚመች ነው። ለእኔ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ሲኒማውም ሆነ ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ ስምን የሚዘራ ሳይሆን፣ ሌላ የዘራውንና ለአጨዳ የደረሰውን የሚሰበስብ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህን ነው። (የውጭ አገር ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» የሚል የተጨመረባቸው ግን በራሳችን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ጉዳይ በሰፊው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር የነበሩት ስታንሊ ሊበርሰን ናቸው። በ2000 ባሳተሙት ስለ ስም፣ ስለ ሞድና ስለ ባህል መለወጥ በሚናገር መጽሐፋቸው፣ የስም ምርጫ ከውጭ በሚመጣ ነገር ብቻ የሚነዳ እንዳልሆነ፣ የራሱ የሆነ ውስጣዊ እንቅስቃሴም እንዳለው ያስረዳሉ። ሰው ለልጁ ስም ሲፈልግ ጆሮ ከለመደው እጅግ ያልራቀ፣ ነገር ግን ከጎረቤት ልጅ ስም ጋር ፈጽሞ ያልተመሳሰለ እንዲሆን ይሻል። ስለዚህ የሕዝብ ጣዕም ጥቂት በጥቂት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛል፤ ማንም ባያዘው፣ ማንም ባይገፋው ይጓዛል።

ለዚህ ዓይነት ምርመራ አሜሪካ የተመቸች አገር ናት። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ከ1880 ጀምሮ የተወለዱትን ሰዎች ስም በየዓመቱ ለይቶ የቆጠረው መዝገብ ለማንም ሰው ክፍት ነውና። በዚህ መዝገብ ማሪሊን የሚለውን ስም እንመልከት። ማሪሊን ሞንሮ በ1926 ስትወለድ የወጣላት ስም ኖርማ ጂን ነበር፤ ማሪሊን የተባለችው በ1946 ከፊልም ሠሪዎች ጋር ውል ስትገባ ነው። ሲኒማ ስምን ያነሣል የሚል ሰው፣ በ1950ዎቹ ዝናዋ ዓለምን በሞላ ጊዜ ማሪሊን የሚባሉ ሕፃናት እንደ አሸን ፈልተው ሊያገኝ ይጠብቃል። መዝገቡ ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ስሙ ከፍ ብሎ የነበረው በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ተዋናይዋ በገነነችበት ዘመን በመውረድ ላይ ነበር። ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም። ፊልም ሠሪ ለተዋናይ ስም ሲመርጥ የሕዝብ ጆሮ አስቀድሞ የወደደውን ይመርጣል፤ ስለዚህ ጌጡን የሚያነሣው ከገበያ ነው፣ ወደ ገበያ የሚያወጣው አይደለም።

የሸርሊ ቴምፕልን ታሪክ እንደ መቃወሚያ የሚያቀርብልኝ ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ሕፃኗ ተዋናይ በ1934 ከገነነች በኋላ በ1935 ሸርሊ ከሴት ልጆች ስም ሁለተኛ ሆኗል። ነገር ግን እርሷ ራሷ በ1928 ስትወለድ ስሙ በመስፋፋት ላይ ነበር፤ እርሷም ከስሙ መስፋፋት የተካፈለች አንዲት ልጅ ነበረች። ሸርሊን በእውነት የዘራ ሰው ከተፈለገ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ሻርሎት ብሮንቴ የ1849 ልብ ወለድ መሄድ ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ ይመኙ የነበሩ ወላጆች ለወንድ ያሰቡትን ስም ለሴት ልጃቸው ሰጧት የሚል ታሪክ በዚያ ይገኛል፤ ሸርሊ የሴት ስም መሆን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከመጽሐፉ እስከ ተዋናይዋ ሰማንያ አምስት ዓመት ያህል አለ። እንግዲህ መጽሐፍ ስምን ቢዘራ እንኳ፣ አጨዳው ለልጅ ልጅ የሚደርስ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን የፈረንሳዩ ኬቪን ነው። በፈረንሳይ አገር ናፖሌዎን ገና ንጉሠ ነገሥት ሳይባል በ1803 የወጣው ሕግ፣ ስም የሚመረጠው በቀን መቁጠሪያ ከሚገኙ ስሞችና ከጥንት ታሪክ ሰዎች ስም ብቻ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ይህ ሕግ በ1966 ላላ፤ በጥር 1993 ደግሞ ምርጫው ለወላጆች ተለቀቀ። ኬቪን የተባለው የአየርላንድ ስም የተነሣው በዚሁ መካከል ነው። ለመነሣቱ ምክንያት ተደርገው የሚጠቀሱት ሁለት የ1990 ፊልሞች ናቸው። አንዱ ኬቪን ኮስትነር ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጋር የኖረን ወታደር ሆኖ የሠራበት ነው። ሁለተኛው ቤተሰቦቹ ለገና ጉዞ ሲቻኮሉ ቤት ረስተውት የሄዱትን ኬቪን የሚባል ልጅ ታሪክ የሚያሳየው ነው። ስሙ ከጣራው የደረሰው በ1991 ስለ ሆነ ማስረጃው የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን ኬቪን በፈረንሳይ ከወንዶች ስም አንደኛ የሆነው በ1989 ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ፊልሞች ገና አልወጡም። ውጤት ከምክንያቱ ቀድሞ ሊወለድ እንደማይችል ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ይህ ስም እንደ ወጣ እንዲሁ ፈጥኖ ወረደ። ጆና በርገርና ጋኤል ለ ማንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ፈጥኖ የሚነሣ ስም ፈጥኖ እንደሚጣል አሳይተዋል። ምክንያቱንም ከወላጆች ሥጋት ጋር ያያይዙታል፤ ወላጅ ያንድ ሰሞን ወረት መስሎ የታየውን ስም ይሸሻልና። ይህም ከፊልም መረሳት ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለተኛው ፊልም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በገና ሰሞን ይታያል፤ ኬቪን የሚባል ሕፃን ግን በፈረንሳይ ብርቅ ሆኗል።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፤ ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ነውና። ኬቪን ስሙ ሲወርድ ሰውየው አብሮ አልጠፋም። በጀርመን አገር በ2009 በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አምስት መቶ የሚያህሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ኬቪን፣ ጀስቲንና ማንዲ የሚሉትን ስሞች ከደካማና ከአስቸጋሪ ተማሪ ጋር፣ ሻርሎትንና አሌክሳንደርን ግን ከጎበዝ ተማሪ ጋር አገናኟቸው። አንዱ መምህር ስለ ኬቪን ሲጽፍ፣ ይህ ስም ሳይሆን የበሽታ ምርመራ ውጤት ነው እስከ ማለት ደረሰ። ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ተፈረደበት ማለት ነው።

የፍርዱ መነሻ ታዲያ ምንድን ነው? «ወላጆቹ ከቴሌቪዥን የቀዱት ስም ነው» የሚለው አነጋገር ነው። «ስምን ሲኒማ ያወጣዋል» የሚለው ሐሳብ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መናቂያም ይሆናል። ባለጸጋው ለልጁ ከልብ ወለድ መጽሐፍ ስም ቢያወጣ «አንባቢ ነው» ይባላል፤ ሠራተኛው ከፊልም የተገኘ የሚመስል ስም ቢያወጣ «ማሰብ አልቻለም» ይባላል። በእኛም ማረፊያ ክፍል ባንዳንድ ጓደኞቻችን ስም ስንስቅ የምንሠራው ይህንኑ ነው። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ እንደ ነበርሁ አልክድም።

በእርግጥ ፊልም ከባዶ መሬት ስም ያበቀለበት ጊዜ አለ። በ1984 በወጣ ፊልም አንዲት የባሕር ልጃገረድ በኒው ዮርክ የማዲሰን ጎዳናን ምልክት አይታ ስሟን ማዲሰን ትላለች፤ ወንዱም ይህ ስም አይደለም ብሎ ይቃወማታል። ቀልዱ የተሠራው ስሙ በሴት ልጅ ዘንድ ስላልተለመደ ነው። በ2001 ግን ማዲሰን ከሴት ልጆች ስም ሁለተኛ ሆነ። ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም በ2001 ልጇን ማዲሰን ያለች እናት ያሰበችው ያችን የባሕር ልጃገረድ ነው ብሎ የሚምል ማነው? ከፊልሙ የመጣው ብልጭታ ነው፤ እሳቱ የነደደው በየሰፈሩ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እስካሁን ሊበርሰንን ደግፌ ተናግሬአለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን ከእርሳቸው እለያለሁ። የእርሳቸው ውስጣዊ እንቅስቃሴ በአመዛኙ የድምፅና የመልመድ ነገር ነው። አሜሪካዊት እናት ኬቪን ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አትጠይቅም። በአማርኛ ግን ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ካሳሁን፣ ማስረሻ፣ ደምሰው፣ ይበልጣል፣ በዛብህ የሚሉት የተነገሩበት ምክንያት፣ አንዳንዴም የተነገሩበት ጎረቤት አላቸው። የሞተ ልጅ፣ የተሸነፈ ጠላት፣ የታረቀ ዘመድ በስሙ ውስጥ ይሰማል። ወላጅ የሚመርጠው ተሰቅሎ ከተቀመጠ ዕቃ አይደለም፤ ራሱ ደራሲ ነው። ስለዚህ ልብ ወለዱ ወይም ዘፈኑ ከእኛ ወላጅ ጋር የሚገናኘው እንደ ሻጭና እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ ሁለት ደራሲዎች ነው።

ይህን በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንኛውም ልብ ወለዳችን ይበልጥ በሕዝብ ልብ ገብቷል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ ለማይችለው እንኳ ደርሷል፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ቴዎድሮስ ካሳሁን ከዚያው ታሪክ «ማር እስከ ጧፍ» የሚለውን ዘፈን አወጣ። መጽሐፍ፣ ሬዲዮና ዘፈን በአንድነት የደከሙለት ሌላ ፍቅር በአማርኛ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ሰብለ ወንጌል የሚለውን ስም ሐዲስ አልፈጠሩትም፤ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የነበሩት እቴጌ ይጠሩበት ነበር። ደራሲው ለባላባት ልጅ የሚገባውን ስም ከነበረው መርጠው አነሡ። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ መዋዕለ ሕፃናት የገባችውን ታናሽ እኅቴን ሳመላልስ፣ በበሩ ላይ ሲጠሩ ከምሰማቸው ስሞች ውስጥ ሰብለ ወንጌልም በዛብህም አልነበሩም። ዘፈኑን እየዘመሩ ወደ ቤት የሚሄዱ ልጆች ግን ነበሩ።

ሁለተኛው ምሳሌ አይዳ ነው። ቨርዲ በግብፁ ከዲቭ በእስማኤል ትእዛዝ የደረሰው ኦፔራ በታኅሣሥ 1871 በካይሮ ታየ። ታሪኩ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ፍቅር ነው። ያው ከዲቭ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወታደሮቹን ወደ አገራችን ልኮ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ መሸነፉን ሳስታውስ፣ ኢትዮጵያን በመድረክ ላይ መማረክ ቀላል እንደ ነበረ አስባለሁ። የልጅቱ ስም የግዕዝም የአማርኛም አይደለም። ዛሬ ግን አይዳ የአዲስ አበባ ሴቶች ስም ነው፤ ከሚጠሩበትም ብዙዎቹ ያን ኦፔራ አላዩትም። ስለዚህ ኦፔራው ስሙን አወጣው እንበልን? እንዲህ ከሆነ የአባትዬው፣ የኢትዮጵያው ንጉሥ የአሞናስሮ ስም ለምን ቀረ? አሞናስሮ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሰምቼ አላውቅም። አይዳ ያለፈችው እንደ ሣራና እንደ ሐና አጭር ስለ ሆነች፣ ላፍም ስለምትቀል፣ በሩም ስለ ተከፈተላት ነው፤ አሞናስሮ ግን በር ላይ ቀረ።

በአገራችን የስምን መነሣትና መውደቅ ከሌላው አገር የሚለየው አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማንም ትኩረት ሲሰጠው አላየሁም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። በፈረንሳይ የኬቪን ወረት ከኬቪን ጋር ያልቃል፤ ልጁ ሌላ ስምና የቤተሰቡን ስም ይዞ ይሄዳል። በእኛ ግን ያንድ ዘመን ሞድ በልጅ ላይ የአባት ስም፣ በልጅ ልጅ ላይ የአያት ስም ሆኖ ይቆያል። በተማርኩበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህሩ ስም ሲጠሩ ይህ በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። በመጀመሪያው ረድፍ ናትናኤል፣ ሄለን፣ ቤተልሔም፤ በሁለተኛው ረድፍ ማስረሻ፣ ካሳሁን፣ ደምሰው፤ ሦስተኛው ረድፍ ሲነበብ ደግሞ ወልደ ገብርኤልና ገብረ ማርያም ይመጣሉ። አንድ ገጽ ሦስት ትውልድ ይይዛል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተወለደው አብዮትም ዛሬ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ልጁ ስለዚያ ዘመን ያለው አስተያየት ምንም ይሁን ምን፣ ስሙን በሙሉ በጻፈ ቁጥር ይጽፈዋል።

የአሜሪካውን የመሰለ የስም ቆጠራ ከመንግሥት መዝገብ እንዳንጠብቅ፣ የልደት ምዝገባ በመላ አገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ነው። የትምህርት ቤት መዝገቦች ግን ከዚያ እጅግ የቀደሙ ናቸው፤ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በሦስት ረድፍ ይዘዋል። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልንና ሥራው ለሁለት ለሦስት ተማሪዎች ቢከፈል፣ የመጀመሪያውን ቆጠራ በዚሁ በኮሌጃችን መዝገብ ቤት በመጪው ክረምት መጀመር ይቻላል። እኔ የሴቶቹን ዝርዝር ለመቁጠር ዝግጁ ነኝ።