ስለ ፕሮክሲ መለዋወጥ ሥርዐት

በመሥሪያ ቤት ወደ ውጭ የሚወጣው የድረ ገጽ ጥያቄ ሁሉ በፕሮክሲ በኩል እንዲያልፍ ሲደነገግ፣ ያው ላፕቶፕ ማታ ወደ ቤት በተወሰደ ጊዜ ያ ፕሮክሲ ከቶ ስለማይገኝ፣ ባለቤቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ ያማርራል፤ መስመሩ ግን ደኅና ነው፣ ችግሩ ኮምፒዩተሩ ስፍራ ሲለውጥ አብሮ ያልተለወጠው ትእዛዝ ነው። ይህንም ትእዛዝ ሰው ጧትና ማታ በእጁ ሲያበራና ሲያጠፋ እንዲኖር መፍረድ ለሙያችን የሚገባ አይደለም።

ኔትስኬፕ በ1996 እ.ኤ.አ. ከናቪጌተር 2.0 ጋር ያወጣው የፓክ ፋይል፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ፣ ለእያንዳንዱ አድራሻ በፕሮክሲ ይኬድ ወይስ በቀጥታ ብሎ የሚበይን ሰነድ ነው። እኔ በዚህ ሰነድ መጀመሪያ የማኖረው ጥያቄ፣ በመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ብቻ የሚታወቀው ስም አድራሻው ከውስጥ አውታራችን ክልል ነውን? የሚል ነው፤ የዋይፋይ ስምን መለያ አላደርገውም፣ ማንም ሊሰይመው ይችላልና፤ ደግሞም የዚያ የዲኤንኤስ ስም መገኘቱ ብቻ አይበቃም፣ አንዳንድ የሆቴል ዋይፋይ ተጠቃሚው እስኪገባ ድረስ ለማናቸውም ስም የራሱን አድራሻ ይመልሳልና።

ደብሊውፓድ የተባለው ሥርዐት ይህንኑ ፋይል በዲኤችሲፒ አማራጭ ቁጥር 252 ወይም በዲኤንኤስ ፈልጎ ያመጣል፤ በታወቀ አውታር ውስጥ ምቹ ቢሆንም፣ በካፌ ግን ፋይሉን የሚያቀብል ማንኛውም ባዕድ የሰውን ጥያቄ ሁሉ በራሱ በኩል ሊያሳልፍ ስለሚችል፣ ከቢሮ በሚወጣ ላፕቶፕ ላይ አጠፋዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለምን?

ከሁሉ የሚያደክመው ግን ተርሚናል ነው። በሊኑክስ የኔትወርክ ማኔጀር ዲስፓቸር አውታሩ በተለወጠ ቁጥር ስክሪፕት ያስኬዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈተ ተርሚናል የፕሮክሲውን አድራሻ በተከፈተበት ሰዓት እንደ ወረሰው ይዞት ስለሚቀር፣ ብራውዘሩ እየሠራ ሳለ ፓኬጅ ማውረዱ ይንጠለጠላል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ፣ በ127.0.0.1 ፖርት 3128፣ አንድ ትንሽ ፕሮክሲ አቆማለሁ፤ ፕሮግራሞች ሁሉ ዘወትር ወደዚያው ይልካሉ፣ ስክሪፕቱም የሚለውጠው የእርሱን መሄጃ ብቻ ይሆናል። የሚለወጠው ነገር በአንድ ስፍራ ሲወሰን ብልሽቱም የሚፈለገው በአንድ ስፍራ ነውና፣ የዚህ ሙያ ዋና ሕግ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ይህን ሥራ የሚይዝ ወጣት ባለሙያ ላፕቶፑን ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት፣ አንድ ተርሚናል ክፍት እንደ ተወ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አውታር ወደ ስልኩ ሆትስፖት አሻግሮ ደግሞ ይመልሰው፤ በሁለቱም ጊዜ በዚያው ተርሚናል ማውረድ ከቻለ፣ ያን ጊዜ ሥራው ተፈጽሟል ይበል።